የአንጓች የሸክላ ጡት

በአንድ ወቅት፣ ከገበያው በታች፣ ከወንዙ ከፍ ብሎ በተቀመጠ የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር፣ አንጓች የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ እንዲህ ያለ ሰፈር ብዙ ከተማ አለና ሰሚው የሚያውቀውን ያስብ። የላይኛው ከተማ ሰዎች በአንጓች ማሰሮ ወጣቸውን ይሠራሉ፣ በአንጓች ጋን ጠላቸውን ይጠምቃሉ። ልጃቸው ሆዱን ሲያመው ደግሞ «ቡዳ በልቶት ነው፤ ዛሬ ሸክላ ሠሪዋ በደጃችን አልፋለች» ይላሉ። ከእሷ ይገዛሉ እንጂ ከእሷ ጋር አይበሉም። ለወገኖቿ ልጅ አይሰጡም፣ ከወገኖቿም አይወስዱም።

አንጓች ሦስት ልጆች ነበሯት። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው እንደሚባለው፣ አንዳቸውም ካንዳቸው አይመሳሰሉም።

ታላቂቱ ትርንጎ ናት። ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ጭቃ ስታሽ ያደገች፣ ቁጥብ፣ የተናገረችውን የማታጥፍ ሴት ነበረች። አንድ ክረምት «ነገ እመጣለሁ» ብላ ስለነበር፣ ወንዙ ሞልቶ ሰው ሁሉ ከወዲያ ማዶ ሲቀር እሷ ግን ገመድ ይዛ ተሻግራ መጥታለች።

መካከለኛው አበጀ ነው። ጭቃውን የሚቆፍር፣ ኩበቱን የሚሰበስብ፣ ሸክላውን የሚተኩስ እሱ ነው። ነገር ሆዱ ውስጥ አያድርለትም፤ ቢቆጣም ቢያዝንም ፊቱ ላይ ይነበባል።

የመጨረሻዋ ዘርፌ ናት። ገና በልጅነቷ ሩቅ ከተማ ለምትኖር አክስቷ ተሰጠች፤ እዚያ ስትማር አንጓች ጋን እየሸጠች ገንዘብ ትልክላት ነበር። የእንግሊዝኛ መምህርት ሆና ወደ ትውልድ ከተማዋ ተመደበች። ስትመለስ ግን ወደ ታችኛው ሰፈር አልወረደችም። የላይኛው ከተማ ሰው ማንነቷን አላወቀም። የጨርቅ ነጋዴውን ልጅ መኳንንትን አገባች፤ ለአማቶቿም «እናትና አባቴ በልጅነቴ ሞተውብኛል» አለቻቸው። የታችኛው ሰፈር ሰዎች አወቁ። ግን ለአንጓች ሲሉ አፋቸውን ዘጉ።

አንድ ቅዳሜ አንጓች ሸክላዋን ዘርግታ ስትሸጥ፣ ዘርፌ ከአማቷ ጋር መጣች። አማቲቱ አንዱን ማሰሮ አንስታ በጣቷ ኳ ኳ አደረገችው።

«ይሄ ተሰንጥቋል» አለች። አልተሰነጠቀም፤ ዋጋ ለማስቀነስ ነበር።

ዘርፌ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ እየጠቀለለች መሬት መሬት ታያለች። አንጓች የልጇን ፊት ላንዳፍታ አየችና ዓይኗን መለሰች።

«ይውሰዱት እመቤቴ። ለእርስዎና ለልጅዎ ስል ቀንሻለሁ።»

«ልጄ አይደለችም፣ የልጄ ሚስት ናት። እናት የላትም፣ ምስኪን።»

«እግዜር ያጽናት» አለች አንጓች።

ዘርፌ ማሰሮውን ተሸክማ ሄደች። አንጓች የቀረውን ሸክላ ሳትሸጥ ሰብስባ ወደ ቤቷ ወረደች። ለትርንጎም ለአበጀም አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

በዚያ ዘመን በከተማዋ ሆስፒታል ሉቺያ የምትባል ከሮም የመጣች ሐኪም ነበረች። አማርኛዋ ለገበያና ለሰላምታ ይበቃል። የሕመምና የመድኃኒት ነገር ሲሆን ግን ያጥራትና በእንግሊዝኛ ታስተረጉማለች። ይህች ሐኪም አንድ ቀን ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ይዛ ወደ አንጓች ደጅ መጣች። ሥዕሉ ላይ ከሸክላ የተሠራ እግር፣ እጅ፣ ጆሮ፣ ዓይን፣ ጡት ተደርድሯል።

«እማማ አንጓች፣ ይሄ የእኔ አገር ነው። በጣም ድሮ» አለች። «ሮማውያን ሲታመሙ ለአማልክቶቻቸው ይለምናሉ። እግር ሲድን፣ የሸክላ እግር ይሰጣሉ። ጆሮ ሲድን፣ ጆሮ።»

«ስለት ነው በይኛ» አለች አንጓች።

«አዎ፣ ስለት! አሁን ከመሬት ቆፍረው አወጡት። ሙዚየም ውስጥ አለ። ግን መንካት ክልክል ነው። ዓይነ ስውር ሰው ይመጣል፣ አያይም፣ አይነካም፣ ዝም ብሎ ይሄዳል። ሙዚየሙ አምሳያውን በእጅ የሚሠራ ሰው ይፈልጋል፤ ዓይነ ስውር እንዲዳስስ።»

አንጓች መጽሐፉን ጭኗ ላይ አድርጋ ቅጠሉን ቀስ እያለች ገለበጠች። ከእግሩ ሥዕል ላይ ቆየች።

«ተረከዙን ያሳመረው ሰው እጁ ይባረክ። እነዚህን ሠሪዎችስ ቡዳ ይሏቸው ነበር?»

ዶክተሯ አሰበች። «አላውቅም። ስማቸውን የጻፈ የለም።»

«እንግዲያው እሠራዋለሁ» አለች አንጓች።

ሥራው እንደ ማሰሮ ሥራ አልሆነላትም። መጀመሪያ የሠራችው እግር እሳት ውስጥ ፈነዳ። አሮጌ የሸክላ ስባሪ ወቅጣ፣ ነፍታ፣ ከጭቃው ጋር ደባለቀች፤ ውስጡንም ክፍት አድርጋ እንደገና ሠራችው። የሥዕሉ ጣቶች ሲያስቸግሯት አበጀን «ጫማህን አውልቅ» አለችውና የእሱን እግር እያየች ሠራችው፤ ጠማማዋን ትንሿን ጣት ሳይቀር። ለእጁ የትርንጎን እጅ ተጠቀመች። ዓይኑ ላይ ስትደርስ ግን በሩን ዘጋች።

«ዓይን ከእኔ እጅ ሲወጣ ያየ ሰው ምን እንደሚል ታውቂዋለሽ» አለቻት ትርንጎን።

ቢሆንም በሕይወቷ እንዲህ ደስ ያላት ጊዜ አልነበረም። ማሰሮዋን ሰው ይገዛዋል እንጂ አያየውም። ይህን ግን ባሕር ማዶ ያለ ሰው በጣቱ እየዳሰሰ «እንዲህ ነበር» ሊልበት ነው።

ቀጥሎ ጡቱ ነበር። ትርንጎ ያንን ቀን አልረሳችውም። እናቷ ዓይኗን ጨፍና፣ ግራ እጇን ከቀሚሷ ውስጥ አግብታ የራሷን ጡት ትዳስሳለች፤ በቀኝ እጇ ጭቃውን ታበጃለች። እጅ የነካውን እጅ ይሠራዋል። ጡቱ ተሠርቶ ሲያልቅ ግን ሥዕሉ ላይ ያለውን አልመሰለም። በብብቱ በኩል ጠጠር ያለበት ይመስል ጎበጥ ብሏል።

«እማዬ፣ እዚህ ጋ ምንድን ነው?»

አንጓች ዓይኗን ገልጣ አየችው። ማለስለሻ ጠጠሯን አነሳች፤ ልትደመስሰው ሁለት ጊዜ አሸችው፤ ከዚያ ጠጠሯን አስቀመጠች።

«በሩን ዝጊው» አለች።

ትርንጎ እጇን በእናቷ ቀሚስ ውስጥ አግብታ ዳሰሰች። እብጠቱ እዚያው ነበረ፤ ጠጣር፣ የማይንቀሳቀስ።

«ሐኪሟ ጋ እንሂድ።»

«አንሄድም። የጎረቤታችን የወርቄ ጡት ሲቆረጥ አይቻለሁ፤ ጎዶሎ ሆና ነው የተቀበረች። ደግሞ ቢሰማ፣ አበጀን ማን ያገባዋል? ለዘርፌስ ምን ይተርፋታል? 'የሰው ስትበላ ኖራ የራሷ ዞረባት' ይላሉ። በአባትሽ አጥንት ማይልኝ። ለማንም እንዳትነግሪ።»

«እማዬ...»

«ማዪ።»

ትርንጎ ማለች። የማለችውንም ጠበቀች። ክረምቱ ገባ፣ ክረምቱ ወጣ። ጠበል እየቀዳች እናቷን ታጥባለች፣ ቅጠል እያሸች ትለጥፍላታለች። እብጠቱ ሲያድግ በእጇ ታውቀዋለች። ሰው «እናትሽ ምነው ከሳች?» ሲላት «ጾሙ በርትቶባት ነው» ትላለች። ብቻዋን ጭቃ ልታመጣ ወደ ወንዙ ስትወርድ ድምፅ አውጥታ ታለቅስና ፊቷን ታጥባ ትመለሳለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ታውቀዋለች፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። የአባቷን አጥንት ግን በተረት አልለወጠችውም።

ያልተተኮሰው ጡት ጥግ ላይ በጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጦ ነበር። ክረምቱ ሲያልፍ አበጀ የሚተኮሰውን ሲሰበስብ ጨርቁን ገለጠው።

«ይሄኛው ተበላሽቷል። ምንድን ነው ጎኑ ላይ ያበጠው?»

ትርንጎ ፊቷን አዞረች።  አበጀ አንዴ ሸክላውን፣ አንዴ እናቱን፣ አንዴ የእህቱን ጀርባ አየ። ነገሩ ገባው። 

«አንተም ትምላለህ» አለችው እናቱ።

«አልምልም!»

«በሞቴ። ስሞትልህ። ከአፌ አንዲት ቃል ቢወጣ ኪዳነ ምሕረት ትፍረድብኝ በል።»

እናቱ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትነሳ ይዞ አስቀመጣትና ማለ። «ከአፌ አንዲት ቃል ቢወጣ ኪዳነ ምሕረት ትፍረድብኝ።»

ከዚያ ኩበቱን ከመረ፣ ጭዱን ነሰነሰ፣ ሸክላዎቹን በሙሉ ተኮሰ። ጡቱም አብሮ ተተኮሰ። ሲበርድ አወጣው፤ በጋቢው ጠቅልሎ ወደ ሆስፒታሉ ሄደና ዶክተሯ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።

ዶክተሯ ደስ ብሏት ገለጠችው። «ቆንጆ ነው!» አለች። ከዚያ ጣቷ ጎባጣው ላይ ቆመ። መጽሐፏን ከፍታ አየች። ተመልሳ ዳሰሰችው፤ አሁን ግን እንደ ሸክላ ሳይሆን እንደ ታማሚ አካል፣ ከብብቱ ጀምራ ዙሪያውን እየተጫነች።

«ይሄ ሮማ አይደለም» አለች።

ጎባጣውን በጣቷ አሳየችው።

«አበጀ፣ የማን ነው?»

አበጀ አፉን በጋቢው ሸፈነ። እንባው እየወረደ በእጁ ወደ ታችኛው ሰፈር አመለከተ።

ዶክተሯ አልቆየችም። ነርስ አስከትላ፣ በሆስፒታሉ መኪና፣ ገበያውን ሰንጥቃ ወረደች። የገበያውም ሰው መኪናውን ተከትሎ ወረደ። ነርሷ በር ላይ ቆማ «ጡታቸውን የታመሙት እናት የታሉ?» ብላ ጠየቀች። ክፋት አልነበረባትም፤ ሥራዋ ነው። የሰማ ላልሰማ አሰማ። ከሰዎቹ መካከልም «የሰው ስትበላ ኖራ የራሷ ዞረባት» የሚል ድምፅ ተነሳ፤ አንጓች እንደፈራችው፣ ቃል በቃል።

አንጓች በሩን ከውስጥ ቀረቀረች። ዶክተሯ ደጁ ላይ ቆማ ለመነች፣ መጨረሻ ላይ ተመለሰች። ሕዝቡ ሲበተን አበጀ ገባ።

«ጡቴን ገበያ አወጣኸው» አለችው እናቱ።

«አንዲት ቃል አልተናገርኩም እማዬ። አፌን አልከፈትኩም።»

«አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይላሉ። እጅ ሲከዳስ ከምን ይብሳል? ውጣ። ከእንግዲህ ከእኔ እሳት አትሞቅም።»

አበጀ ወጣ። የሸክላ መተኮሻው አጠገብ ላስቲክ ወጥሮ ያድር ጀመር። ትርንጎም አላናገረችውም። «ክረምቱን ሙሉ እኔ የተሸከምኩትን አንተ አንድ ቀን መሸከም አቃተህ?» ብላው ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ዝም።

እናቱ ሐኪም ቤት አልሄድም እንዳለች ቀኑ ሲገፋ፣ አበጀ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደና ዘርፌን በር ላይ አስጠራት።

«እዚህ ለምን መጣህ?» አለችው፣ ዙሪያዋን እያየች።

«እናታችን ልትሞት ነው። አንቺ አስቀድመሽ ለአማቶችሽ ገድለሻታል፤ አሁን የእውነቱ እየመጣ ስለሆነ ልንገርሽ ብዬ ነው።»

አበጀ ሁሉንም ነገራት። ሲጨርስ ጠመኔ የነካውን እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ወደ ክፍሏም ሳትመለስ ተነሳች። መጀመሪያ ወደ ሆስፒታሉ ሄዳ ከዶክተሯ ጋር ተነጋገረች። ቀጥሎ ወደ ታችኛው ሰፈር ወረደች፤ በጓሮ መንገድ ሳይሆን በገበያው መሃል፣ ሰው ሁሉ እያያት። አማቷ ከሱቃቸው ደጅ ጠራቻት።

«ወዴት ነሽ?»

«እናቴ ታማብኛለች።»

«እናትሽ? የትኛዋ እናትሽ?»

«አንጓች ናት። ያቺ የማሰሮ ዋጋ የቀነሰችልዎት።»

ከመምሸቱ በፊት ልብሷ በአንሶላ ተቋጥሮ ከአማቶቿ ደጅ ወጣ። መኳንንት ራሱ ተሸክሞ አወጣው። ፊቷን ማየት ግን አልቻለም።

ዘርፌ የእናቷን በር አንኳኳች።

«ማን ነው?»

«ልጅሽ ነኝ!» ብላ ጮኸች፤ ሰፈሩ እስኪሰማ። «ልጅሽ ዘርፌ ነኝ እማዬ!»

አንጓች በሩን ከፈተች። ለዓመታት ከልጇ አፍ ያልሰማችውን ቃል፣ በቀን፣ በአደባባይ ሰማችው። አቅፋት ጎንበስ ብላ አለቀሰች። የዘርፌን ፊት በሁለት እጇ ይዛ፣ ጭቃ እንደምታለሰልስ፣ ጉንጯን ደጋግማ ዳሰሰችው። በዚያች ሰዓት ዘርፌ ሙቺ ብትላት ትሞትላት ነበር።

ዘርፌም ይህን አወቀች።

«እማዬ፣ ዶክተሯን አነጋገርኳት። ክፉ አይደለም። እንደ ብጉንጅ ነው፤ ትንሽ ይከፈትና ያ ጠጣሩ ነገር ይወጣል፣ ትመለሻለሽ።»

«ጡቴን አይነኩትም?»

«አይነኩትም።»

«እናቴ ትሙት በይ።»

ዘርፌ «እናቴ ትሙት» አለች።

ትርንጎ ከጥግ ቆማ ትሰማ ነበር። የእህቷን ዓይን አየችና ውሸት መሆኑን አወቀች። ልትናገር አፏን ከፍታ ዘጋችው።

ሆስፒታል ሲገቡ አንጓች «ነርሷ ትውጣልኝ፤ ገመናዬን ልጄ ብቻ ታስተርጉምልኝ» አለች። ዶክተሯ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጣ በእንግሊዝኛ ጠየቀች፦ ጡቱ በሙሉ እንደሚወጣ ነግረሻታል? ዘርፌ ነግሬያታለሁ አለች። ተስማምታለች? አዎ፣ ተስማምታለች። አንጓች የማታውቀውን ቋንቋ እያዳመጠች፣ የሁለቱን አፍ እያየች ፈገግ ትላለች። ልጇ እንዲህ መናገር መቻሏ አኩርቷታል። አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች።

ስትነቃ እጇን ደረቷ ላይ አሳረፈች። በፋሻው ላይ ፈለገች። ወደ ብብቷ ሄደች፣ ተመለሰች።

«ዘርፌ» አለች፣ «ምን ብለሽኝ ነበር?»

«እማዬ፣ ባልዋሽ ኖሮ አትገቢም ነበር።»

«አልገባም ነበር። ገላው የእኔ ነበራ። በገበያ ስትክጂኝ ዝም አልኩ፤ እናት መባሉን ነፈግሽኝ እንጂ ልጅነትሽን አልነፈግሽኝም ብዬ። ዛሬ ግን ልጄ ነኝ ብለሽ መጥተሽ፣ በዚያው በልጅነትሽ አረድሽኝ።»

ዶክተሯ ነገሩን ስታውቅ ዘርፌን ወደ ኮሪደሩ ጠራቻት። ዘርፌን በእንግሊዝኛ አላናገረቻትም፤ በዚያው በአጭሩ አማርኛዋ ነው ያለቻት፦ «በእኔ እጅ ቆረጥሽ። እኔንም ከዳሽኝ።»

ከዚህ ወዲያ አንጓች ዳነች። ነገሩ ይህ ነው እናንተ ሰዎች፤ ዳነች። ሥጋ ለበሰች፣ ማሰሮ መሥራት ጀመረች። ዶክተሯ በኋላ ለልጆቹ ሁሉንም በግልጽ ነገረቻቸው። ክረምቱ ሳይገባ ብትመጣ ኖሮ እብጠቱን ብቻ አውጥቶ ጡቱን ማትረፍ ይቻል እንደነበር ተናገረች። ከመጣችበት ቀን ጥቂት ብትቆይ ደግሞ ማንም ሊያድናት እንደማይችል ተናገረች። ትርንጎ የፊተኛውን ስትሰማ ወጥታ ሄደች።

አንጓች ለሙዚየሙ የጎደለውን ጡት እንደገና ሠራች፤ ሥዕሉን ብቻ እያየች፣ ልሙጥ አድርጋ። ዶክተሯ ጎባጣውንም ጨምራ መላክ ፈልጋ ነበር።

«ዓይነ ስውር ሴት ትነካዋለች፣ ስለ ራሷ ታስባለች። ይጠቅማል እማማ።»

«የማያውቀኝ ሰው አይዳብሰኝም» አለች አንጓች። ጎባጣውን ሸክላ ተቀብላ በሙቀጫ ወቀጠችው፤ ነፍታም ከጋን ጭቃ ጋር ደባለቀችው። ሌላው፣ እግሩም እጁም ጆሮውም ዓይኑም፣ በጭድ ታሽጎ ባሕር ተሻገረ።

ልጆቿ እንደገና በአንድ ቤት ተሰበሰቡ፤ ዘርፌ ሌላ ቤት አልነበራትም፣ አበጀም ላስቲኩን ነፋስ ወሰደበት። ግን ቤቱ ሦስት ሆኖ ተከፈለ። ትርንጎ ሁለቱን ከዳተኞች ትላለች። አበጀ ትርንጎን «በመሐላሽ ልትቀብሪያት ነበር»፣ ዘርፌን «ሁለት ጊዜ ገደልሻት» ይላል። ዘርፌ «እናንተ እጃችሁን ታጥባችሁ ስትቀመጡ ያዳንኳት እኔ ነኝ፤ ትዳሬንም የከፈልኩት እኔ ነኝ» ትላለች። አንጓች የሦስቱንም ምግብ ታቀርባለች፤ ከማንም ጋር ግን አትጎራረስም።

ከዓመት በኋላ ልትመነኩስ ወሰነች። ከመሄዷ በፊት ጎረቤቶቿን ጠርታ፣ ሽማግሌ አስቀምጣ፣ ሦስቱን ልጆች ፊቷ አቆመቻቸው። ዶክተሯም ከኋላ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«እኔ ሄጄ አልመለስም» አለች አንጓች። «ሦስታችሁንም ይቅር ብያለሁ፤ ቂም ይዤ ገዳም አልገባም። የእናት ምርቃት ግን ሌላ ነገር ነው። ያለኝ አንድ ነው። ለሦስት ብሸነሽነው ለማናችሁም አይበቃም። ከእናንተ ማን እንደከዳኝ አውቃለሁ፤ ሦስታችሁም ናችሁ። ማን እንደወደደኝ ግን ማወቅ አቃተኝ። እስቲ ተናገሩ።»

ትርንጎ «ያልሽኝን አደረግሁ» አለች። «ቃልሽን ከሕይወትሽ በላይ አከበርኩት። አንቺን ማትረፍ እየቻልኩ ቃልሽን አተረፍኩ። ይህን ተሸክሜ እኖራለሁ።»

አበጀ «እኔ ማንንም አልዋሸሁም» አለ። «ከተማው ሁሉ ያሳፍርሽ፣ አንቺም ጥይኝ፣ ብቻ ኑሪ ብዬ ነው። መሐላዬን በአፌ አላፈረስኩም። በእጄ ካፈረስኩ ኪዳነ ምሕረት ታውቃለች።»

ዘርፌ «ቀድሞ የካድኩሽ ለራሴ ብዬ ነው» አለች በመጨረሻ። «ኋላ የዋሸሁሽ ለአንቺ ብዬ ነው። ሁለቱን ለይተሽ ካላየሽልኝ አልፈርድብሽም።»

ሽማግሌዎቹ ተከፋፈሉ። አንዱ «ቃል ከፈረሰ ቤት ይፈርሳል፤ ለትርንጎ ነው» አሉ። ሌላው ጺማቸውን እየዳሰሱ «ዓይኗ እያየ እናቷ ስትቀልጥ ዝም ያለች ምን ምርቃት ይገባታል? እውነቱን ያወጣው አበጀ ነው» አሉ። አንዲት ጎረቤት ከኋላ ተነስታ «እውነት አውጥቶ በር አስቀረቀረ እንጂ መቼ አዳነ?» አለች። «ዛሬ ቆማ የምትመርቀው በዘርፌ ውሸት አይደለም ወይ?» ዶክተሯን ጠየቋት። «እኔ ዳኛ አይደለሁም» አለች።

አንጓች ሁሉንም ሰማች። ከዚያ ቀኝ እጇን አነሳች። ሦስቱም በፊቷ ጎንበስ አሉ። እጇ በአየር ላይ፣ ከሦስቱ ራስ በላይ፣ ቆመ።

የሰማሁት እስከዚህ ድረስ ነው። እዚያ የነበሩ ሰዎች የተቀረውን እያንዳንዳቸው በየመንገዳቸው ይነግሩታልና እኔ የአንዱን መርጬ አላወራችሁም። የእናንተን ንገሩኝ፦ ያቺ እጅ በማን ራስ ላይ ትረፍ? ምርቃቱ የሚገባው ለማን ነው?